የጠመንጃ ምላጭ ጽዳትና ቅባት፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

መልሶቹ ጠመንጃቸውን ራሳቸው ማጽዳት ለጀመሩ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው፤ የጠመንጃው መመሪያ የተለየ ነገር ካዘዘ ግን የሚጸናው የመመሪያው ቃል ነው።

የምላጭ ክፍል ሲባል ምን ምንን ያጠቃልላል?

ጣት የሚያርፍበት ጠማማ ብረት ከውጭ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። ከእሱ በላይ፣ በጠመንጃው አካል ውስጥ፣ ምላጩ የሚዞርበት ፒን፣ ምላጩን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ፣ የደኅንነት ቁልፉ የሚያግደው ክፍል እና የሁሉም ቁልፍ የሆነው መያዣ ጥርስ ይገኛሉ። ጠመንጃው ሲቀባበል ዋናው ሞላ ይወጠራል፤ ያንን ውጥረት ተሸክሞ የሚቆየው ይህ ጥርስ ነው። ምላጩ ሲሳብ ጥርሱ ተንሸራቶ ይለቃል፤ የተለቀቀው ሞላ መርፌውን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ መርፌውም ከቀለሁ ግርጌ ያለውን መቀጣጠያ መትቶ ባሩዱን ያስነሳዋል።

በእጅ እየተቀባበሉ በሚተኮሱ ጠመንጃዎች ጥርሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው መርፌውን ራሱን ነው። ከፊል አውቶማቲክ በሆኑት ውስጥ ግን በመካከል መዶሻ አለ፤ ተኳሹ ምላጩን ገና ሳይለቅ መዶሻው ተመልሶ ሲመጣ የሚጠልፈው ሌላ ትንሽ መንጠቆም ይጨመራል። ይህ ልዩነት ዘይት የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ ስለሚወስን ከወዲሁ ልብ ሊሉት ይገባል። በብዙ የአደንና የዒላማ ጠመንጃዎች ጥርሱና እሱ የሚይዘው ብረት ተደራርበው የሚያዙበት ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። እዚህ ቦታ ላይ አንዲት የደረቀ ቅባት ፍርፋሪ ትርጉም የሚኖራት ለዚህ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ምን ማድረግ አለብኝ?

አፈሙዙን ማንም ወደማይገኝበት፣ ጥይት ቢወጣ እንኳ ጉዳት ወደማያደርስበት አቅጣጫ ያዙሩና ጣትዎን ከምላጩ ያርቁ። ከዚያ መጀመሪያ ጥይቶቹ የሚደረደሩበትን ካርታ ያውጡ፤ ቀጥሎ ማቀባበያውን ስበው ክፍት አድርገው ይተዉት። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ የለበትም። ካርታው ሳይወጣ ማቀባበያውን ስቦ የለቀቀ ሰው አንዱን ጥይት ሲያስወጣ ሌላውን ከካርታው ያጎርሳል፤ ከዚያ በኋላ ካርታውን ቢነቅልም «ባዶ ነው» ብሎ በእጁ የያዘው ጠመንጃ ጥይት የጎረሰ ይሆናል። ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ፣ በትንሿ ጣትዎም ዳስሰው ያረጋግጡ።

በአካባቢው ያለውን ጥይት ሁሉ ሥራው ከሚካሄድበት ክፍል ያስወጡ። ይህ ለወግ ያህል የሚባል ነገር አይደለም፤ የምላጭ ጽዳት ምላጩን ሆን ብሎ ደጋግሞ መሳብን የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ ተረስቶ የቀረ ጥይት የሚተኮሰው እዚሁ ላይ ነው። የደኅንነት ቁልፉም መተማመኛ ሊሆን አይችልም፤ የሚጸዳው እሱ ራሱ የሚሠራበት ክፍል ነውና። ሥራውን አቋርጠው ከተመለሱ፣ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን፣ ፍተሻውን ከመጀመሪያው ይድገሙት።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

ለስላሳ የናይለን ብሩሽ (ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል)፣ ክር የማይተው ጨርቅ፣ ሲተን ቅሪት የማይተው የጠመንጃ ማጽጃ ፈሳሽ፣ ቀጭን የጠመንጃ ዘይት፣ ዘይቱን በጠብታ ለመቁጠር የሚያስችል መርፌ ወይም ቀጭን ሽቦ፣ የእጅ ጓንት እና ጥሩ ብርሃን ያስፈልጋሉ። ካቻቪቴው የብሎኑን ስንጥቅ ሞልቶ የሚገጥም መሆን አለበት፤ የማይገጥም ካቻቪቴ ብሎኑን ይበላዋል። ጥጥ ግን በምላጭ ክፍል ውስጥ ባይገባ ይመረጣል፤ ከሱ የሚቀረው ቀጭን ክር ከጥርሱ ሥር ገብቶ ይጣበቃል።

ጠመንጃውን እስከ ምን ድረስ ልፍታው?

ብሩሹና ፈሳሹ እንዲደርሱ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚፈታው። በእጅ በሚቀባበል ጠመንጃ ይህ ማለት ጥይት የሚያጎርሰውን ተንሸራታች ብረት ማውጣት፣ ከሥር ያሉትን ማሰሪያ ብሎኖች መፍታትና ብረቱን ከነምላጩ ከሰደፉ አላቅቆ ማንሳት ነው። እዚያ ላይ የምላጩን ትንሽ ሣጥን ያገኛሉ፤ ሣጥኑ ራሱ አይከፈትም። ሲመልሱት ብሎኖቹን መመሪያው በሚያዘው ልክ ያጥብቁ፤ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ብረቱን ከሰደፉ ጋር አጣሞ ሊያስጨንቀው ይችላል። ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የላይ ክዳኑ ሲነሳ ወይም አካሉ ለሁለት ሲከፈት መዶሻውና ምላጩ ከላይ ይታያሉ፤ ለተለመደ ጽዳት ያ በቂ ነው።

ፒኖቹን መትቶ ማውጣት ለጀማሪ አይመከርም። ከፒኖቹ ጀርባ ያሉት ሞላዎች ፈንጥረው ይጠፋሉ፤ አንዳንዶቹም በተገላቢጦሽ ሊገጠሙ ስለሚችሉ ጠመንጃው የተስተካከለ መስሎ መቀጣጠያውን በደካማ ምት እንዲመታ ያደርጉታል።

ጽዳቱ እንዴት ነው የሚከናወነው?

በደረቁ ይጀምሩ። ብሩሹን በምላጩ ዙሪያ፣ በመዶሻው ጎንና ጎን፣ በደኅንነት ቁልፉ ሥር እያዞሩ የላላውን ጥላሸትና አቧራ ያራግፉ። ወዲያው በፈሳሽ መጀመር ደረቁን ቆሻሻ ወደ ጭቃ ለውጦ ይበልጥ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። የኮምፕሬሰር አየርም እንዲሁ ነው፤ ቆሻሻውን ከማውጣት ይልቅ ወደ ጠባቡ ስፍራ ሊገፋው ይችላል፤ አየሩ ውኃ ያዘለ ከሆነም እርጥበት ትቶ ይሄዳል።

ቀጥሎ ፈሳሹ ገብቶ ወደ ውጭ እንዲፈስ ጠመንጃውን አዘንብለው ይያዙና ከላይ በማጽጃው ያጥቡት፤ እያጠቡም የደኅንነት ቁልፉን ያመላልሱ፣ ምላጩን ይሳቡና ይልቀቁ። መጀመሪያ የሚወርደው ጠብታ ጥቁር ይሆናል፣ ከዚያ ቡናማ፣ በመጨረሻም በነጭ ጨርቅ ላይ ምልክት የማይተው። ማቆም ያለብዎት ያን ጊዜ ነው። መዶሻ ባላቸው ጠመንጃዎች ክዳኑ ክፍት እያለ መዶሻው በኃይል እንዲወድቅ አይፍቀዱ፤ መርፌውን ሳይሆን የጠመንጃውን አካል ስለሚመታ ሊሰነጥቀው ይችላል። ምላጩን ሲስቡ መዶሻውን በአውራ ጣትዎ ይዘው ቀስ አድርገው ያውርዱት።

ሥራው አየር በደንብ በሚዘዋወርበት፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ቦታ ይሁን። የብዙ ጥይቶች መቀጣጠያ እርሳስ ያለበት ቅመም ስለሚይዝ ጥላሸቱ ከእርሳስ የጸዳ አይደለም፤ ጓንት ያድርጉ፣ ሲጨርሱም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። በእርጥቡ ላይ የተጨመረ ዘይት ከማጽጃው ጋር ተቀላቅሎ ይቀጥንና ወዳልተፈለገ ቦታ ይሰርጋል።

ዘይት የት ላድርግ? ምን ያህልስ?

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ስሕተቱም ከማነስ ሳይሆን ከመብዛት ይመጣል። የምላጭ ክፍል በፍጥነት የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ በአንድ ተኩስ ጥቂት ሚሊ ሜትር ተንቀሳቅሶ የሚቆም በመሆኑ የሚፈልገው ቅባት እጅግ ጥቂት ነው። ትርፍ ዘይት ያልተቃጠለ ባሩድንና አቧራን ሰብስቦ ጥርሱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ጭቃ መሰል ነገር ይሆናል፤ ዘይቱ ሲያረጅም ተጣባቂ ሆኖ ምላጩ በሙሉ ኃይሉ እንዳይመለስ ያደርጋል። በከፊል ብቻ የተመለሰ ምላጭ ደግሞ ጥርሱን በከፊል ብቻ ነው የሚደግፈው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ በትንሽ ግጭት ሊተኮስ ይችላል።

በእጅ በሚቀባበሉና ማስተካከያ ብሎን ባላቸው ዘመናዊ የአደንና የዒላማ ጠመንጃዎች፣ ብዙ አምራቾች የምላጩ ሣጥን ውስጡ ጨርሶ ዘይት እንዳይገባው ያዛሉ። ከታጠበና ከደረቀ በኋላ እንዲሁ ይተዋል፤ ዝገት የሚያሰጋ ከሆነ የውጭውን ብረት ዘይት በነካ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። መዶሻ ባላቸው የወታደራዊ ዓይነት ጠመንጃዎች ግን ጫናው ከፍተኛ፣ ብረቱም ወፍራም ስለሆነ፣ መዶሻውና ምላጩ የሚዞሩባቸው ፒኖች ጫፍ ጫፍ ላይ አንዳንድ ጠብታ፣ መዶሻውና ጥርሱ በሚፋጩበት ፊት ላይ ደግሞ በዓይን የማይታይ ያህል ስስ ግሪስ ይጠቅማቸዋል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ዘይት ለመቁጠር ያዘጋጁትን መርፌ (የጠመንጃውን መርፌ አይደለም) ጫፉን ዘይቱ ውስጥ ነክረው ያውጡና ፒኑ ከጠመንጃው አካል ጋር የሚገናኝበትን ክብ ጠርዝ ያስነኩት፤ ጠብታው በስንጥቁ ዙሪያ ሮጦ በራሱ ወደ ውስጥ ሲሳብ ይታያል። ከውጭ የቀረውን በጨርቅ ያንሱ፣ ምላጩን ጥቂት ጊዜ ያንቀሳቅሱ፣ እንደገና ያብሱ። ከዚያ ጠመንጃውን በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው ያሳድሩት፤ ጠዋት ወረቀቱ ላይ የዘይት ክብ ካዩ ያደረጉት በዝቷል ማለት ነው።

የምግብ ዘይት፣ የሞተር ዘይት ወይም ደብሊው ዲ 40 ብጠቀምስ?

የምግብ ዘይት በጭራሽ አይሆንም፤ ከአየር ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ እየወፈረ ሙጫ ይሆናል፤ ሙጫ የያዘው ምላጭ ደግሞ አይመለስም። የሞተር ዘይት ብረቱን አይጎዳም፤ ነገር ግን ለዚህ ቦታ ይወፍራል፤ በብርድ ጊዜ ይበልጥ ስለሚጓተት ሌላ ሲጠፋ ብቻ በፒን ላይ በመርፌ ጫፍ ልክ ሊውል ይችላል። ቤንዚንን ለማጽጃነት አይጠቀሙ፤ ትነቱ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል።

ደብሊው ዲ 40 የተባለው ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ1953 የተሠራው ውኃን ከብረት ላይ ለማስለቀቅ ነው፤ ስሙም ለዚሁ ሥራ የተሞከረውን 40ኛ ቅመም ያመለክታል። በዝናብ የራሰን ጠመንጃ ውኃ ለማባረር ይረዳል፤ ሆኖም የሚተወው ስስ ሽፋን ለረጅም ጊዜ እንደሚያለሰልስ ዘይት አይቆጠርም፤ በምላጭ ሣጥን ውስጥ ደጋግሞ ሲነፋም ተከማችቶ ይጣበቃል። የተጠቀመበት ሰው በኋላ በማጽጃ አጥቦ ሊያወጣው ይገባል። የትኛውም ዘይት ቢሆን ጥይቱን መንካት የለበትም፤ በመቀጣጠያው ዳር ሰርጎ ከገባ ጥይቱ ሊከሽፍ ይችላል።

በየስንት ጊዜው ላጽዳው?

የጥይት መውጫው ቱቦ በተጸዳ ቁጥር ምላጩን መክፈት አያስፈልግም። በመደበኛ አጠቃቀም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ወይም የአደን ወቅት ከመጀመሩ በፊት፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ጠመንጃው ውኃ ውስጥ ከወደቀ፣ በጭቃ ወይም በደቃቅ አሸዋ ከተሞላ፣ አለዚያም ምላጩ ሲሳብ የተለየ ስሜት ካመጣ ግን ቀኑን ሳይጠብቁ ወዲያው ያጽዱት።

ቱቦውን ሳጸዳ ምላጩ ይቆሽሻል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እንዲያውም በንጽሕና በሚያዙ ጠመንጃዎች ምላጭ ውስጥ ለሚገኘው ቆሻሻ አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው። በእጅ በሚቀባበል ጠመንጃ መያዣው ጥርስ ወደ ላይ ብቅ የሚልበት ቀዳዳ ከቱቦው በስተኋላ ወለሉ ላይ ይገኛል። ባለቤቱ ጠመንጃውን ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ በማጽጃ የራሰ ጨርቅ በመወልወያ ዘንግ ሲያመላልስ፣ ጥላሸት ያዘለው ፈሳሽ ወደ ኋላ ይወርድና በዚያ ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ምላጩ ሣጥን ይገባል።

መከላከያው ቀላል ነው። ሲወለውሉ አፈሙዙ ከሰደፉ ዝቅ እንዲል ያድርጉ ወይም ጠመንጃውን ምላጩ ወደ ላይ እንዲሆን ገልብጠው ያስቀምጡ፤ ዘንጉን የሚመራ ቱቦ ካለዎትም ከኋላ ያስገቡለት። በዘይት የታሸ ጠመንጃም አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ ለወራት ከቆመ ዘይቱ በዝግታ ወደ ምላጩና ወደ ሰደፉ እንጨት ይወርዳል፤ ስለዚህ ከታሸ በኋላ ለጥቂት ቀናት አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ማቆየት ይሻላል።

ብርድ፣ አቧራና ዝናብ ሲኖር ምን ልለውጥ?

በብርቱ ብርድ ዘይት ይወፍራል፤ መርፌውና መዶሻው ፍጥነታቸው ይቀንስና ምቱ ይደክማል፤ ጥይቱም ሳይነሳ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ክፍሉ በደንብ ታጥቦ ደረቁን መተው ወይም እንደ ግራፋይት ዱቄት ያለ ደረቅ ማለስለሻ መጠቀም ይመረጣል። ከብርድ ወደ ሙቅ ክፍል የገባ ጠመንጃ ላይ ጤዛ ይቋጠራል፤ መልሰው ወደ ብርድ ቢያወጡት ያ ውኃ በምላጩ ውስጥ በረዶ ይሆናል። በጠመንጃ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ያድርጉት፤ ከዚያ አውጥተው ያድርቁት። በአቧራማ ቦታም ደረቅነት ይጠቅማል።

በዝናብ የራሰ ጠመንጃ በዚያው ቀን ከሰደፉ ተላቅቆ ውኃው መፍሰስና መድረቅ አለበት። ከምድጃ አጠገብ አያስቀምጡት፤ እንጨቱ ይጣመማል፣ ውኃው ግን ከሣጥኑ ውስጥ ላይወጣ ይችላል።

ሥራውን ከጨረስኩ በኋላ በትክክል እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ?

ጠመንጃውን ገጥመው ባዶነቱን እንደገና ያረጋግጡና ማቀባበያውን ስበው ይልቀቁ። የደኅንነት ቁልፉን ዘግተው ምላጩን ጠንከር አድርገው ይሳቡ፤ ምንም መውደቅ የለበትም። ምላጩን ይልቀቁና ጣትዎን ካራቁ በኋላ ቁልፉን ይክፈቱ፤ አሁንም ምንም መውደቅ የለበትም። ብዙ ሰው የሚዘለው ሁለተኛውን ነው፤ ቁልፉ ሲከፈት በራሱ የሚለቅ ጠመንጃ ግን ከሁሉ የከፋው ነው። ከዚያ ምላጩን ሲስቡ ጥርት ያለ የመውደቅ ድምፅ ይሰማል። ከፊል አውቶማቲክ ከሆነ ምላጩን እንደሳቡ ይዘው እንደገና ያቀባብሉ፣ ከዚያ ምላጩን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ መዶሻው ከመንጠቆው ወደ ጥርሱ ሲተላለፍ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መሰማት፣ መዶሻውም ሳይወድቅ መቆየት አለበት።

በመጨረሻ ባዶው ጠመንጃ እንደተቀባበለ፣ ቁልፉም ክፍት ሆኖ፣ ሰደፉን ወፍራም ምንጣፍ በተነጠፈበት ወለል ላይ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ጠቅ ጠቅ ያድርጉት፤ ማቀባበያውንም ደጋግመው በፍጥነት ይዝጉት። ጥርሱ መልቀቅ የለበትም። መቀጣጠያው በቀለሁ ከንፈር ዙሪያ በሆነባቸው አነስተኛ ጠመንጃዎች፣ ለምሳሌ በ.22 ዓይነቶቹ፣ መርፌው በባዶው ሲመታ የቀዳዳውን ጠርዝ ሊጎዳ ስለሚችል፣ መመሪያው ካልፈቀደ በቀር ለመለማመጃ የተሠራ ሐሰተኛ ጥይት ይጠቀሙ።

ምላጩ ከበደኝ፤ ጥርሱን ብሞርደው ወይም ብሎኑን ባላላው አይቀልልኝም?

ይቀል ይሆናል፤ ነገር ግን አያድርጉት። በብዙ ጠመንጃዎች የጥርሱ ጥንካሬ ላይ ላዩን ብቻ የተሰጠ ነው፤ ያ ጠንካራ ሽፋን በሞረድ ከተነሳ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት በቶሎ ይበላል፤ የመያዣው አንግልም ስለሚዛባ ጠመንጃው ዛሬ ፈተናውን አልፎ ከወራት በኋላ በራሱ ሊለቅ ይችላል። ማስተካከያ ብሎኖቹም አንዱ ክብደትን፣ ሌላው የጥርሱን መደራረብ ስለሚቆጣጠሩ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ማዞር አደገኛ ነው። ብሎኖቹ ላይ የሚታየው የደረቀ ቀለም መሰል ነገር ከፋብሪካ የተደረገ ማጣበቂያ ሊሆን ስለሚችል በማጽጃ አያሟሙት።

በዚህ ክፍል ውስጥ ትንሽ ባዕድ ነገር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለመረዳት ጠመንጃ አምራቹ የሬሚንግተን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያደረገውን መመልከት ይበቃል። ኩባንያው ከሜይ 1 ቀን 2006 እስከ ኤፕሪል 9 ቀን 2014 የተሠሩና ኤክስ ማርክ ፕሮ የተባለው ምላጭ ያለባቸውን የሞዴል 700 እና የሞዴል ሰቨን ጠመንጃዎች እንዲመለሱ ጠራ። ምክንያቱ በፋብሪካ ሲገጣጠም በምላጩ ውስጥ የገባ ትርፍ ማጣበቂያ፣ በአንዳንድ ሁኔታዎች፣ ጠመንጃው ሳይታሰብ እንዲተኮስ ሊያደርግ መቻሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ቀላል የነበረ ምላጭ አሁን ከከበደ ግን መንስኤው ብዙ ጊዜ የደረቀ ዘይት ወይም ቆሻሻ ነው፤ ጽዳቱ ይመልሰዋል። ለረጅም ጊዜ በመጋዘን ተቀምጠው የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ከፋብሪካ ወይም ከመጋዘን የተቀቡት ወፍራም ቅባት በምላጩ ውስጥ ደርቆ ይገኛል፤ ያ ሁሉ በማጽጃ እየለሰለሰ ካልወጣ ጠመንጃው መተኮስ የለበትም።

ከፈተናዎቹ አንዱን ቢወድቅስ?

አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና አጥበው፣ አድርቀው ይሞክሩት። ያው ከሆነ ወይም «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል» ከሆነ ሥራው የጠመንጃ ጠጋኝ ባለሙያ ነው። «ሁለተኛ ሲሞከር ሠራ» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ አልፎ አልፎ የሚታይ ብልሽት ሁልጊዜ ከሚታየው ይልቅ ያታልላል። ጠመንጃውን ባዶ አድርገው፣ ማቀባበያውን ከፍተው ወይም ተንሸራታቹን ብረት ለብቻው አውጥተው ያስቀምጡ፤ ሌላ የቤት ሰው ወይም ጓደኛ እንዳያነሳው በላዩ ላይ «ምላጩ ብልሽት አለበት» የሚል ጽሑፍ ይለጥፉበት። ለባለሙያው ሲሰጡም የትኛው ፈተና ላይ፣ ቁልፉ ተዘግቶ ወይስ ተከፍቶ እያለ፣ ምን እንደሆነ ይንገሩት፤ በቅርቡ ያደረጉትን ዘይትና ማጽጃም አይደብቁት፤ ብዙ ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምረው ከዚያ ነው።